የእናቴ ምጣድ ስንት ኦም ነው?

ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ረዚስታንስ ይሰጣል፤ ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ደግሞ ዋት ይሰጣል። ይህን ፊዚክስ ክፍል ከመግባቴ በፊት የሰማሁት ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ሬዲዮ፣ ካውያና ምጣድ ይጠግኑ ከነበሩ አንድ ሰው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸው ስለነበር እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ሱቃቸው ጠባብ ነበረች። መደርደሪያው በተፈታቱ ሬዲዮኖች የተሞላ፣ ጠረጴዛው በሽቦ ቁርጥራጭና በብሎን የተሸፈነ፣ ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጩኸት ወሬ የማያሰማ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ እቆማለሁ፤ አያባርሩኝም። አንዳንዴ ብሎን ያስይዙኛል፣ አንዳንዴ ቁጥር ያስጽፉኛል። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ነገር ሁሉ ሥሩ እነዚያ የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ናቸው።

በገበያ ቀን ከለሞና ከሚሻ ገጠር የመጣ ሰው ሬዲዮውን በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣና «ድምፁ ደከመብኝ» ይላል። ጋሼ መጀመሪያ የሚያወጡት ድንጋዩን ነው። እኛ ቤት ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጥቂት ይነቃና ተመልሶ ይተኛል። ጋሼ ግን ቴስተራቸውን ያነሳሉ። አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። የደከመውን ብቻውን ሲለኩት ብዙ ጊዜ 1.4 ያነባል፤ የሰውየው ፊት ይፈካል፣ «ደህና ነው ማለት ነው?» ይላል። ያን ጊዜ ጋሼ ትንሽ የባትሪ አምፖል በድንጋዩ ጫፍና ጫፍ ላይ ያገናኙና እየበራ ሳለ እንደገና ይለካሉ። መርፌው ወደ 1 ቮልት ይወርዳል።

«አየህ» ይሉኛል ወደ እኔ ዞረው፣ «ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሙሉ ይመስላል። 0.4 ቮልት የት ገባ?»

አምፖሏ የምትስበው ሩብ አምፔር ከሆነ 0.4 ለ0.25 ሲካፈል 1.6 ነው። ድንጋዩ በሆዱ ውስጥ 1.6 ኦም አሳድሯል ማለት ነው፤ አዲስ ሳለ ይህ ቁጥር በጣም ትንሽ ነበር። ለካ ድንጋይ ሲያረጅ የሚብስበት የገዛ ውስጡ መንገድ መጥበቡ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ማካፈልን የማውቀው ብርቱካን ለልጆች ሲከፋፈል ነበር። በዓይን የማይታይ፣ በጣት የማይነካ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ነገር በማካፈል ብቻ ሲገለጥ ሳይ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ ሌላ ነገር አልሰጠኝም።

ከድንጋይ ወደ አምፖል ተሻገርን። ያኔ የቤት አምፖል ባለ ክር ነበር፤ መስታወቱ ላይ 220 ቮልት፣ 100 ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። ጋሼ የሳሙና ካርቶን ቀደው ሰጡኝና «ከረንቱን አውጣ» አሉኝ። ዋት የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ከሆነ፣ 100 ለ220 ይካፈላል፤ 0.45 አምፔር። «አሁን ረዚስታንሱን።» 220 ለ0.4545፤ 484 ኦም። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ያንኑ አምፖል ከሶኬቱ ነቅለው ካቀዘቀዙ በኋላ ቴስተሩን በኦም አዙረው ለኩት። ከ40 ኦም አላለፈም።

ካርቶኑን ደጋግሜ አየሁ፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ቴስተሩም ትክክል ነው። መልሱን ለማግኘት ያን ቀን እስኪመሽ አስጠበቁኝ። አምፖሉን መልሰው አበሩት፣ ክሩን በጭስ መስታወት እያሳዩ «ይህ ክር አሁን ከማንኛውም ምድጃ ይበልጥ ግሏል» አሉ። ክሩ ከተንግስተን የተሠራ ነው፤ ሲበራ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ብረት ሲግል ከረንትን የማስቸገሩ ነገር ይጨምራል፤ ቀዝቃዛው ክር 40 ኦም ገደማ ሲሆን የጋለው 484 ነው። ስለዚህም አምፖል አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ማብሪያውን ስንጫን ነው፤ በዚያች ቅጽበት ክሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከተለመደው አሥር እጥፍ ገደማ ከረንት ይገባበታል። ጋሼ ከሒሳቡ ጀርባ ነገሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መጠየቅን ያስተማሩኝ በዚያች አምፖል ነው። ብዙ መጻሕፍት ይህን የሚያነሱት ከምዕራፉ መጨረሻ በትንሽ ፊደል ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው መነገር ያለበት ይመስለኛል። ልጅ የለካው ቁጥር ካሰላው ቁጥር ጋር አልገጥም ሲለው ትምህርቱን የሚጠላው ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ሲያጣ ነውና።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ፕላዝማ መጥቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በሚተላለፍ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር የእኛም ክፍል ግድግዳ ላይ ያ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ፊዚክስ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት፣ ከማናውቃት አገር በሚመስል አነጋገር። «ቪ ኢኳልስ አይ አር» የሚለው ድምፅ እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጥያቄ ይቀርባል፣ ከስክሪኑ ጥግ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። ብዙዎች ስለ ፕላዝማ ሲያወሩ ይህን ፍጥነቱን ብቻ ያነሳሉ። እኔ ግን ወደድኩት። ምክንያቱም ስክሪኑ ላይ ከረንት በሽቦ ውስጥ ሲጓዝ በሰማያዊ ነጥቦች ተስሎ አየሁት፤ ሽቦው ሲቀጥን ነጥቦቹ ሲጋፉ፣ ሲገፉ፣ ሽቦው ሲቀላ። ጋሼ በቃል የነገሩኝ ነገር እዚያ ይንቀሳቀስ ነበር።

የክፍሉ መምህራችን ከስርጭቱ በፊትና በኋላ የምትተርፋቸው ጥቂት ደቂቃ ናት። እሷን አያባክኗትም። በሐዲይሳ፣ በከምባትኛና በአማርኛ የሚጫወት ክፍል ፊት ቆመው፣ ስክሪኑ ያለፈውን በአማርኛ ይደግሙታል። የቦኖ ውኃን ምሳሌ ያመጡት እሳቸው ናቸው፦ የታንከሩ ከፍታ ቮልቴጅ ነው፣ በጀሪካኑ የሚቀዳው ውኃ ፍጥነት ከረንት ነው፣ የቱቦው ጥበት ረዚስታንስ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሦስቱን አላምታታም።

አንድ ቀን ስርጭቱ የማይኖርበት ሰዓት ላይ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱን። ቤተ ሙከራው ብዙ ዕቃ የሌለው ክፍል ነበር፤ መምህራችን ግን ድንጋዮቹን ከኪሳቸው ገዝተው ነበር የመጡት። በእንጨት ጣውላ ላይ የተወጠረ ቀጭን የኒክሮም ሽቦ፣ አንድ ቮልቲሜትር፣ አንድ አሚሜትር። አሚሜትሩ በመንገዱ መሐል ገብቶ ይቆማል፤ ከረንቱ ሁሉ በእሱ ውስጥ ማለፍ አለበትና የራሱ ረዚስታንስ ከምንም አይቆጠርም። ቮልቲሜትሩ ግን ከሽቦው ጎን ሆኖ ሁለቱን ጫፍ ይነካል፤ ከረንት እንዳይሰርቅ ረዚስታንሱ እጅግ ትልቅ ነው። «ቦታ ካቀያየራችኋቸው አሚሜትሩ ይሞታል» አሉን መምህራችን፤ ለምን እንደሚሞት ደግሞ በዚያው በማካፈል አስረዱን፤ ትንሽ ቁጥር ከታች ሲሆን መልሱ ግዙፍ ይሆናል።

በአንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ 0.15 አምፔር። በሁለት 3 ቮልት፣ 0.30። በሦስት 4.5፣ 0.45። እያንዳንዱን ሲያካፍሉት 10፣ 10፣ 10። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ሽቦው አይለወጥም እንዴ?» አለ። «አይለወጥም» አሉ፣ «ሽቦው ያው ሽቦ ነው። የገፋኸውን ያህል ነው የሚመልስልህ።» ጣውላው ላይ ግማሹን ርዝመት ብቻ ይዘን ስንለካ 5 ኦም ሆነ። ክፍሉ በሙሉ ከመቀመጫው ተነስቶ በጣውላው ዙሪያ ቆመ።

ስንለካ ድንጋዮቹ መድከም ጀመሩና መርፌው ቀስ እያለ መውረድ ያዘ። ያን ጊዜ ነው መምህራችን የጌኦርግ ኦምን ታሪክ ያወጉን። በ1789 እ.ኤ.አ. ኤርላንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የተወለደ የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነው። ኮሎኝ ከተማ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር በነበረበት ዘመን ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እየለካ ነበር። የዘመኑ ባትሪ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ አስቸገረው፤ እንደ እኛ ድንጋይ ለክቶ ሳይጨርስ ይደክማል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ብረት አጋጥሞ አንዱን መገጣጠሚያ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ ነከረው፤ የሙቀቱ ልዩነት እስካለ ድረስ የሚገኘው ቮልቴጅ አይናወጥም። በዚህ ዘዴ የደረሰበትን ሕግ በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። በአገሩ ቶሎ የተቀበለው አልነበረም፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ የሸለመው በ1841፣ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። የቁልፍ ሠሪ ልጅ መሆኑ ያን ቀን ልቤ ውስጥ ገባ። አባቱ ብረት የሚያበጅ ሰው ነበር፤ ልጁም ብረትን በጥሞና የጠየቀ።

እንግዲህ ወደ ምጣዱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ ስል ነው።

እናቴ ቤት ሁለት ምጣድ ነበር። በእንጨት የሚሠራው ለቆጮ ነው፤ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ከጭስ ውጭ አይጥመኝም ትል ነበር። ለእንጀራ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዛ። ከተማችን ውስጥ የሚሠራ ዓይነት ነበር፤ ከሸክላው ሥር በክብ በተቆፈረ ቦይ የኒክሮም ጥቅል ሽቦ ይቀበርና በጀሶ ይለሰናል። ጀርባው ላይ ምንም ቁጥር አልተጻፈም። አምፖል ስሙን ተሸክሞ ይመጣል፣ ምጣዱ ግን ዝም ብሎ ነው የመጣው። እናቴ በምጣዱ ላይ አንድ ቅሬታ ነበራት፦ ጠዋት በደንብ ይጋግራል፣ ማታ ይሰንፋል። እንጀራው ማታ ዓይን አያወጣም፣ ሥሩ ይነጣል። «ምጣዱ ታመመ» ብላ ጋሼ ዘንድ ላከችኝ።

ጋሼ ምጣዱን አምጣ አላሉኝም። ቴስተራቸውን አዋሱኝና «ቤታችሁ ቆጣሪ አለ አይደል? ዲስኩን ቁጠር» አሉ። የዚያ ዘመን ቆጣሪ መስታወቱ ውስጥ የሚዞር የአሉሚኒየም ዲስክ ነበረው፤ ጠርዙ ላይ አንድ ቀይ ምልክት አለ። በላዩ ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ዙር እንደሆነ ተጽፏል፤ የእኛው 600 ይላል። ዲስኩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ካወቅህ፣ ቤቱ በዚያች ሰዓት ስንት ዋት እየበላ እንደሆነ አወቅህ።

ጠዋት ሌላውን ሁሉ አጠፋን፤ ሬዲዮው፣ መብራቱ ጠፋ። ምጣዱ ብቻ ተሰካ። እናቴ ሊጡን እያሰፋች፣ እኔ ቆጣሪው ሥር የአባቴን ሰዓት ይዤ። ቀዩ ምልክት በደቂቃ 35 ጊዜ አለፈ። በሰዓት 2,100 ዙር ነው፤ ለ600 ሲካፈል 3.5። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ 3,500 ዋት። ቴስተሩ ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት ያነባል። 3,500 ለ220 ሲካፈል ወደ 15.9 አምፔር ይመጣል። 220 ለ15.9 ሲካፈል 13.8 ኦም።

ጮኼ «13.8 ኦም!» አልኩ። እናቴ አክንባሎውን እንደያዘች ዞር ብላ «ምኑ ነው ልጄ?» አለች። «የምጣድሽ» አልኳት። ማንም ያልጻፈበትን ቁጥር ከግድግዳው ላይ ካለ ዲስክና ከአንድ ሰዓት አውጥቼ ነበር። ምጣዱ የመጀመሪያ መታወቂያውን አገኘ።

ማታ በ1 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያቀርብበት ሰዓት፣ ደግመን ቆጠርን። ዲስኩ ከ23 ዙር እምብዛም አላለፈም። ይህ ወደ 2,340 ዋት ነው። አሁን አስተውሉ፤ ሽቦው ያው ሽቦ ነው፣ 13.8 ኦሙ አልተለወጠም፤ ኒክሮም ደግሞ እንደ አምፖል ክር በሙቀት ብዙ የሚለወጥ ብረት አይደለም። ስለዚህ የተለወጠው ቮልቴጁ መሆን አለበት። ዋቱ የቮልቴጁ ካሬ ለረዚስታንሱ ሲካፈል ስለሆነ ወደ ኋላ ሄጄ 2,340 በ13.8 አባዛሁ፤ ካሬ ሥሩን ካርቶን ላይ ፈለግሁት። 180 ገደማ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ያደረግሁት። መርፌው 180 ላይ ቆመ።

ይህን ስጽፍ ዛሬም ያ መርፌ ሲቆም የተሰማኝ ነገር ይመለስብኛል። ያሰላሁትን ዓለም እንደዚያው አድርጋ አገኘኋት። ቮልቴጁ የጎደለው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ነው፤ የምጣዱ ሙቀት ግን ከሦስት አንድ እጁን አጥቷል። ካሬ የሚባለው ነገር በሒሳብ ደብተር ላይ ስታየው ቀዝቃዛ ነው፤ በእንጀራ ጀርባ ላይ ስታየው ግን ይገባሃል። እናቴን «ምጣዱ ደህና ነው፣ የታመመው ማታው ነው» አልኳት። እሷም ነገሩን ወዲያው ተቀብላ ሊጥ የምታሰፋበትን ሰዓት ወደ ጠዋት አዞረች። በያሆዴ በዓል ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ በሚጋግርበት ጊዜ፣ ጎረቤቶችም ከእሷ እየሰሙ ንጋት ላይ መጋገር ጀመሩ።

የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ የሚሆነውንም የተማርኩት በዚያ ዓመት ነው። ብዙ ሰው የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ይጎትትና ይቋጥረዋል። ምጣዱ ይነሳል፤ እንዲያውም ከድሮው ይበረታል። ጋሼ ግን ይህን ሲያዩ ያዝናሉ። ከሽቦው ርዝመት አሥረኛው እጅ ተቆርጦ ቢጣል 13.8ቱ ወደ 12.4 ይወርዳል፤ ከረንቱ ከ15.9 ወደ 17.7 ይወጣል፤ ዋቱ ወደ 3,900 ይጠጋል። «በረታ ይላሉ» ይሉ ነበር፣ «ራሱን እየበላ እኮ ነው የበረታው። ሶኬቱንም ይበላዋል።» ሽቦ ሲቀይሩ ሁልጊዜ በኦም ለክተው ነው የሚቆርጡት፤ ዋጋውን ለመቀነስ አጭር ሽቦ የሚያስገባ ሰው ዘንድ ምጣድ ሄዶ ሲመለስ ያውቁታል።

አክስቴ ያለችው ዱራሜ ነው። ክረምት ክረምት እዚያ እላካለሁ፤ በአንጋጫ በኩል የእንሰቱን ጓሮ እያየሁ እሄዳለሁ፣ የአምባሪቾ ተራራ ከከተማዋ በላይ በጉም ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። አክስቴ ማድ ቤቷን ከዋናው ቤት አርቃ በጓሮው መጨረሻ አሠርታ ነበር፤ መብራቱ የሚሄድላት በእንሰቶቹ ላይ በተዘረጋ ቀጭን፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። «የእናትህ ምጣድ ይህ ነው፣ ከአንድ ቤት ነው የገዛነው፤ የእኔው ለምን ይዘገያል?» አለችኝ። ሽቦውን ስነካው ሞቅ ብሏል። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁ፤ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 60 ሜትር መዳብ ማለት ነው። 60 ሜትር ባለ 1.5 መዳብ ወደ 0.7 ኦም ይይዛል። ትንሽ ትመስላለች። ከምጣዱ ጋር ተደምራ ስትታሰብ ግን 15 አምፔር ሲያልፍባት ከ10 ቮልት በላይ ትወስዳለች፤ 160 ዋት ገደማም ለማንም ሳይጠቅም ጓሮው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ ትልቅ አምፖልና ግማሽ ተሰቅለው የሚያበሩ ያህል ነው፤ ብርሃን ግን የላቸውም። አጎቴ ሒሳቡን በጥሞና ሰምተው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባለ 4 ሽቦ ገዙ፤ የሚባክነው ወደ 60 ዋት ወረደ። የሽቦው ሙቀትም ጠፋ። ደረቱ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምልክት ያላደረገ የአሥረኛ ክፍል ልጅ የተናገረውን ቁጥር አምነው ገንዘብ ማውጣታቸው ያን ክረምት በሙሉ ቀና ብዬ እንድሄድ አድርጎኛል።

እዚያው ማድ ቤት ውስጥ አክስቴ እጇን ሳታደርቅ ሶኬት ስትነካ አይቼ ደነገጥሁ። ኮረንቲ ይይዛል ማለትን ሁሉም ያውቃል፤ ስንት ይይዛል የሚለውን ግን ማካፈሉ ይናገራል። የደረቀ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም ስለሚሆን ከረንቱን ያጠብባል። የረጠበ እጅ ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ነው። ልብን ለማወክ ከዚህ እጅግ ያነሰ፣ ከ0.03 አምፔር ጀምሮ ያለው ያስፈራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሶኬቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ደረቅ ፎጣ ተሰቀለ።

በጥር 2002 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሁለት ሲመረቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ቤት መጥቼ ነበር። የጋሼ ሱቅ ሰው ሞልቶበታል፤ ሬዲዮው በወሬው ላይ ነው። ከግልገል ጊቤ አንድ የወጣው ውኃ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎሜትር ገደማ ዋሻ ተጉዞ፣ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ተርባይኑን ይመታል። ኃይሉ 420 ሜጋዋት ነው። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ካርቶን ቀደዱ። «ስንት ምጣድ ነው?» አሉኝ። 420 ሚሊዮን ለ3,500፤ 120,000። «120,000 ምጣድ በአንድ ጊዜ!» ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ አጨበጨበ። ጋሼም አልቆሙም፤ ውኃው የወደቀበት ከፍታና የሚፈሰው ብዛት ተባዝተው ኃይል እንደሚሰጡ፣ ያው የቮልቴጅና የከረንት ብዜት በውኃ መልኩ መሆኑን ለሰዎቹ ነገሯቸው። መምህራችን የቦኖውን ምሳሌ ሲሰጡን ጋሼ ክፍሉ ውስጥ እንዳልነበሩ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ከየራሳቸው መንገድ አንድ ቦታ ደረሱ።

አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር «ይህ ሁሉ ኃይል ካለ የእኛ ማታ ለምን ይሰንፋል?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ጋሼ መልሱን ለእኔ ሰጡኝ።

ኃይሉ ከጣቢያው የሚወጣው በ400,000 ቮልት መስመር ነው። ያው ኃይል ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱ ግማሽ ይሆናል፤ ሽቦ ውስጥ የሚባክነው ደግሞ በከረንቱ ካሬ ስለሆነ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ400,000 ቮልት የሚጓዝ ኃይል፣ በሰፈር መስመር 380 ቮልት ከሚጓዘው ያው ኃይል ከ1,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ከረንት ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ የሚመጣው ረጅሙ መንገድ ብዙ አያጎድለውም። የሚያጎድለው የመጨረሻው አጭር መንገድ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ ምጣዱ ያለው። ካርቶኑ ላይ ጻፍሁላቸው። ማታ ከመስመሩ ሽቦዎች በአንዱ (በአንድ ፌዝ) ላይ 7 ቤት ብቻ ምጣድ ሰካ እንበል። በ180 ቮልት እያንዳንዱ ምጣድ 13 አምፔር ይስባል፤ 7ቱ 91። ከ220 ላይ 40 ቮልት እንዲጎድል መስመሩ ስንት ኦም ቢኖረው ነው? 40 ለ91 ሲካፈል 0.44። ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። ከትራንስፎርመሩ እስከ እኛ ሠፈር በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ቀጭን የአሉሚኒየም ሽቦ ይህን ያህል በቀላሉ ይይዛል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ሽቦውን ማወፈር፣ ትራንስፎርመሩን ማቅረብ» አሉ ጋሼ። «ሌላ መድኃኒት የለውም።»

ከዚያ ቆይቶ ለሰፈራችን አዲስ ትራንስፎርመር ቀረብ ብሎ ተተከለ። ሥራ በጀመረበት ሳምንት ማታ በ1 ሰዓት፣ ጎረቤት ሁሉ በሰካበት ጊዜ፣ ምጣዱን ሰካንና ቆጣሪው ሥር ቆምኩ። ቴስተሩ 212 ቮልት አነበበ። የ212 ካሬ ለ13.8 ሲካፈል 3,250 ዋት ገደማ ነው፤ በዲስኩ ሲቆጠር በደቂቃ 32 ዙር ተኩል መሆን አለበት። ቆጠርኩት፤ እንደዚያው ሆነ። እናቴም የማታ እንጀራዋን ማሰፋት ጀመረች።